ዋስ የተጠራለት ካሜራ

ሰው የመምረጥ ዕድል ሲያገኝ ደስ ይለዋል ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ያለው ሰው ግን አንድም ቀን ጫማ ሊገዛ የወጣ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ሳልመርጣቸው ያገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ ደህና ናቸው። እናቴን አልመረጥኳትም፤ እንደሷ ያለች የለችም። ስሜን አልመረጥኩትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ መላኩ ሲሉኝ አቤት እላለሁ። ጎንደርንም አልመረጥኳትም፤ ዓይኔን ስገልጥ እዚያው ነበርኩ። በራሴ ፈቃድ አማርጬ፣ አገላብጬ፣ ጠይቄና አስጠይቄ ያመጣኋቸው ደግሞ አንድ የሚያፈስ ጃንጥላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚናገር ራዲዮና ያየኝ ሁሉ "የማን ነው?" እያለ የጠየቀኝ ኮት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ካሜራዬን ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጀብኝ ስላችሁ አትፍረዱብኝ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ አይደለም፤ ራሴን ስለማውቀው ነው።

ካሜራ ምን ያደርግልሃል የሚለኝ ካለ ሥራዬን ልንገረው። ማራኪ ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ስሙ ሲጠራ ያምራል። በተግባር ግን ሰዎች በትንሽ ብልቃጥ የሚያመጡልኝን ነገር ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ስመለከት የምውል ሰው ነኝ። ምን እንደሚያመጡልኝ ታውቃላችሁ፤ እናንተም አምጥታችሁ ታውቃላችሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኔ በመስታወት ውስጥ ያየው ጃርዲያና አሜባ ነው። አሜባን ለማማት አይደለም፤ ማንንም ሳያይ የራሱን ኑሮ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ግን በየቀኑ ሲያዩት ይሰለቻል። በጥምቀት ሰሞን ፈረንጆቹ እንደ ሕፃን ልጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋቸው የሚዞሩትን፣ ሌንሳቸው የሚፈታውን ትልልቅ ዲጂታል ካሜራዎች ሳይ፣ እነዚህ ሰዎች በመስታወት ውስጥ ቆንጆ ነገር እያዩ ነው እኮ እያልኩ እቀና ነበር።

ይህ እንግዲህ ለሰው የምናገረው ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት እማዬ ናት።

እናቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በፎቶ ላይ ዓይን የላትም። ቁስቋም ሰፈር ለሚያውቃት ሰው ይህ የሐሰት ክስ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም በእውኑ ያለችው ጥሩወርቅ ከዓይን በቀር ሌላ ነገር ያላት አትመስልም። የግቢውን በር ማን እንደከፈተ ጀርባዋን ሰጥታ የምታውቅ፣ በልጅነቴ ስኳር የነካሁበትን ጣት ከአምስቱ ለይታ የምታወጣ ሴት ናት። ፎቶ ሲሆን ግን ትጨፍናለች። በሠርጓ ፎቶ ጨፍናለች። በቀበሌ መታወቂያዋ ጨፍናለች። እኔ ስመረቅ ከጎኔ ቆማ፣ የጋውኔን እጅጌ በኩራት ይዛ፣ ጨፍናለች። ነገሩ የጀመራት በሙሽርነቷ ነው አሉ። ፎቶ አንሺው "ሙሽሪት፣ ተዘጋጂ፣ ዓይንሽን እንዳትከድኚ" ብሎ ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ ጠፋ። እሷም ገልጣ ጠበቀች። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ዓይኗ ውሃ አቀረረ፣ ልክ ካሜራው ቋ ሲል ደክሟት ከደነች። ከዚያ ወዲህ "ተዘጋጁ" የሚል ቃል በሰማች ቁጥር የዓይኗ ቆብ ሳያስፈቅዳት ይወርዳል።

በሳሎኗ ግድግዳ ላይ የአባቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ነፍሱን ይማረውና፣ ፈገግ ብሎ ወደ ቀኙ ያያል። በሚያይበት በኩል አንድ ሚስማር አለ። ሁለቱንም ሚስማር የመታው አባቴ ራሱ ነው፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሷ። የሱ ፎቶ ተሰቀለ። የሷ ሚስማር ዓይኗን የገለጠችበት ፎቶ እስኪገኝ የጓዳ ቁልፍ ማንጠልጠያ ሆኖ ቆየ፤ አባቴም ሞተ፣ ቁልፉም እዚያው ሰነበተ። እንግዳ ስለ ሚስማሩ ከጠየቃት "የልጅ ልጆቼ ዓይን እንደነበረኝ በምን ያውቃሉ?" ትላለች። ቀልድ ይመስላል፤ እንግዳውም ይስቃል። እኔ ግን ስትናገር ወዴት እንደምታይ አውቃለሁ።

ያን ሚስማር እኔ እሞላዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጥናትም ጀመርኩ።

ጥናቱን ያካሄድኩት ፒያሳ ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ያኔ አንድ የካሜራ ፎቶ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ መጀመሪያ አናቱ ይመጣል፣ ከዚያ ትከሻው፣ ሌንሱ ላይ ሲደርስ መብራት ይጠፋል። በዚህ መንገድ የብዙ ካሜራዎችን አናት አጠናሁ። ካሜራ የሚሠሩ ሁለት የጃፓን ፋብሪካዎች እንዳሉና ተከታዮቻቸው ሌት ተቀን በጽሑፍ እንደሚወራረፉም ደረስኩበት። ጎንደር በነገሥታቱ ዘመን ስለ ሃይማኖት ብዙ ጉባኤና ብዙ ክርክር ያየች ከተማ ናት፤ እንደነዚህ ሰዎች ያለ ግን ያየች አይመስለኝም። አንዱ ወገን የሌላውን ቀለም ቀይ ይበዛበታል ብሎ ያወግዛል፣ ሌላው ተነስቶ የዚያኛውን ቁልፍ አቀማመጥ ያወግዛል፣ መሐል ገብቶ ሊያስታርቅ የሞከረውን ሁለቱም ያወግዙታል። ሁለት ወር ያህል የአንደኛው ፋብሪካ ምእመን ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ወደ ሌላኛው ተሻገርኩ። የሰማ የለም እንጂ ኅሊናዬን ከብዶት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ንባብ ያወጣሁት አንድ ድምዳሜ ነው፤ ለእማዬ የሚያስፈልጋት ፍጥነት ነው። በአንድ ሴኮንድ ብዙ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ካገኘሁ ከዓይኗ ቆብ እቀድማለሁ። ይህንንም በጥናት አረጋገጥኩ። ደም እንድቀዳላቸው የመጡትን ሰዎች መርፌውን እያሳየሁ አጨፋፈናቸውን ለካሁ። ከዚያ ሰሞን ወዲህ ደም ለመስጠት ወደ ሌላ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው በዝቷል መሰለኝ፣ ለሳይንስ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሐጂ ኑሩ ሁለት ካሜራ ማስመጣታቸውን የሰማሁት በዚህ መሐል ነው። ሐጂ ኑሩ አራዳ ላይ ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የእማዬ የሠርግ ቀሚስ ጨርቅ የተገዛው ከዚያ ነው፣ የአያቴም እንደዚሁ። ጅዳ ያለው ልጃቸው ዕቃ መላክ ከጀመረ ወዲህ ሱቁ ለሁለት ተከፍሎ፣ በቀኝ በኩል ነጠላና አቡጀዲ፣ በግራ በኩል ቻርጀርና ሪሞት ሆኗል። ሁለቱ ካሜራዎች በግራ በኩል በመስታወት ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሌንሱ ክንድ ያክላል፣ በሴኮንድ የሚያነሳው ፎቶ ብዛት ካጠናሁት ሁሉ የላቀ ነው። ሌላው ትንሽ ነው፤ አጭር ሌንስ ያለው፣ እንደ ምስኪን ዘመድ ጥግ ይዞ የተቀመጠ። ልቤ ወዲያውኑ ትልቁ ላይ አረፈ።

ለእማዬ ነገርኳት። ደስ አላት፤ ቀጥላም "እንግዲያው ለአያ ካሴ ልላክበት" አለች። ደስታዬ እዚያው ላይ ተሰናከለ።

አያ ካሴ የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሚኖሩት አምባ ጊዮርጊስ ነው፤ ሥራቸው የበቅሎ ድለላ ነው። በዚያ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው አያ ካሴ ሳያዩለት ገንዘቡን አያወጣም። በእኛ ቤት ደግሞ ከመርፌ በላይ የሆነ ዕቃ እሳቸው ሳያዩት አይገባም። ቴሌቪዥናችንን የመረጡልን እሳቸው ናቸው። ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ከፊቱ ቆመው ዓይን ዓይኑን አዩት፣ ወደ ኋላው ሲዞሩ ምናልባት ይራገጥ እንደሆነ ብለው ሁለት እርምጃ ራቅ አሉ። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አንድ ቀን አልታመመም። በዚህ ምክንያት በቤታችን የሳቸውን ቃል የሚከራከር የለም።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ገቡ። ሱቁ ስንደርስ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ከሐጂ ጋር ሰላምታ ጀመሩ። የልጆች ደህንነት ተጠየቀ፣ የከብት ደህንነት ተጠየቀ፣ የወገራ ዝናብ ተጠየቀ። እኔ አሥራ ሰባት ጥያቄ የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ ተራዬን እጠብቃለሁ። ሰላምታው አልቆ የመጀመሪያውን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አያ ካሴ ቀደሙኝ።

"እስቲ አፉን ክፈቱልኝ" አሉ፣ ወደ ትልቁ ካሜራ እያመለከቱ።

ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸው፤ ያውም የነጋዴ ልጅ። አባታቸው ጨርቃቸውን በበቅሎ ጭነው ስሜን ለስሜን የዞሩ ሰው ናቸው አሉ። ስለዚህ ጥያቄው ትንሽ እንኳ አላስገረማቸውም። ሌንሱን ፈትተው አቀረቡላቸው። ካሜራ ውስጡ አቧራ ከገባ አለቀለት የሚል ነገር በብዙ ቋንቋ ስላነበብኩ ጠጋ ብዬ በደብተሬ ከነፋስ ከለልኩት። አያ ካሴ አጎንብሰው አዩ። ውስጥ ያለችው መስታወት የገዛ ዓይናቸውን መልሳ አሳየቻቸው መሰለኝ፣ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጠቋሚ ጣታቸውን ሊያስገቡ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

"ምነው፣ ይናከሳል?" አሉኝ።

"አይ አያ፣ አይነካም ብዬ ነው።"

"ጥርሱ ሳይነካ የሚገዛ ነገር አላውቅም" ብለው ካሜራውን ለሐጂ መለሱላቸው። "ምንድር ነው የሚበላ?"

"ባትሪ ነው" አሉ ሐጂ። "በኤሌክትሪክ ይሞላል።"

"መብራት የጠፋ ቀንሳ?"

"ይጾማል።"

አያ ካሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መጾም ከቻለ ደህና ነው። ከኛ ጋር የሚኖር ነገር መጾም አለበት።"

ከዚያ ድምፁን ለመስማት ፈለጉ። ትልቁ በሴኮንድ የሚያነሳውን ሁሉ ቋ ቋ ቋ ቋ አድርጎ ለቀቀው። እኔ በደስታ ፈዝዤ ስቆም እሳቸው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። "ይህ ደንጋጣ ነው" አሉ። ትንሹ አንዴ ቋ ብሎ ዝም ሲል ደግሞ ጠጋ ብለው ጀርባውን ዳበሱት። አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ማሰሪያ ሳብ ሳብ አድርገው "ልጓሙም ደህና ነው" አሉ። እኔ ደብተሬን ገለጥኩና ስለ ትልቁ ፍጥነት፣ ስለ ሜጋፒክሰሉ፣ ክንድ ስለሚያክለው ሌንስ ጥቅም አንድ ረጅም ገለጻ አደረግሁ። በክሊኒኩ ስብሰባ ላይ እንኳ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። አያ ካሴ ሳያቋርጡ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ይህ አንገቱን ያሰገገው፣ የሩቅ ነገር ነው የሚያሳይ አላልከኝም?"

"አዎ አያ፣ ከዚህ ሆኖ የጎሃን ተራራ ያመጣል።"

"እናትህ ሩቅ ናት?"

የእማዬ ሳሎን ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት እርምጃ ነው። ከአሥራ ሰባቱ ጥያቄዎቼ ውስጥ እናቴ የት እንደምትቀመጥ የሚጠይቅ አንድም አልነበረም። ስምንት ወር ሙሉ ካሜራውን ብቻ ሳይ ከረምኩና፣ በቅሎ እንጂ ካሜራ አይተው የማያውቁ ሰው ፎቶ የምትነሳውን ሴት አስታወሱኝ። አፈርኩ። ማፈሬን ደግሞ እንዳያውቁብኝ ትንሹን ዝም ብዬ ተቀበልኩ፤ ልቤ ግን ከትልቁ ጋር መስታወቱ ውስጥ ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ነገሩ አለቀ ስል አያ ካሴ "በሉ ሐጂ፣ ዋስ ጥሩ" አሉ።

በቅሎ ገዝታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ላስረዳ። በአያ ካሴ ደንብ ሻጭ ዋስ ሳይጠራ ገዢ አይገዛም። ዋሱ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት፣ ቃሉ የሚከበር ሰው መሆን አለበት። ከዚያ ሦስት ቀን ይሰጣል። በሦስቱ ቀን በቅሎዋ ስታነክስ ብትገኝ፣ ወይ ዓይኗ የታመመ ቢሆን፣ ለሻጩ ትመለሳለች፤ ዋሱም በገበያ መሐል ተጠርቶ "ደህና ናት ብለህ አልነበር?" ይባላል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በዚያ ገበያ ቀና ብሎ መሄድ የለም። ካሜራው የፋብሪካ ዋስትና እንዳለው፣ ወረቀቱም ካርቶኑ ውስጥ በአሥራ አራት ቋንቋ እንደተጻፈ ለማስረዳት ሞከርኩ። "ፋብሪካውን ማን ያውቀዋል?" አሉ አያ ካሴ። ሐጂም በዚህ ተስማሙ።

ሐጂ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። እሳቸውና አያ ካሴ በጋራ የሚያውቁት፣ ቃሉ የሚከበር ሰው ማን አለ? ድንገት ፊታቸው በራ።

"እትዬ ጥሩወርቅ" አሉ።

"ሸጋ" አሉ አያ ካሴ። "ከሷ የሚበልጥ ከየት ይመጣል።"

"እማዬ የገዢው እናት ናት እኮ" አልኩ። "ለሻጭ የገዢ እናት ዋስ ስትሆን የት ታይቷል?"

አያ ካሴ በትዕግሥት ተመለከቱኝ። "ገዢው አንተ፣ ዋሷ እሷ። ምን ያነካካችኋል?"

እማዬ ተደውሎላት በባጃጅ መጣች። ነገሩ ሲነገራት አልሳቀችም። ለእማዬ ዋስ መሆን የሚሳቅበት ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለጎረቤት ልጅ የሥራ ዋስ ሆና፣ ልጁ ሥራ እንዳያረፍድ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በሩን እያንኳኳች የቀሰቀሰች ሴት ናት። ሐጂን ቀና ብላ አይታ "ደህና ነው?" አለቻቸው። "ደህና ነው" አሉ። "እንግዲያው ደህና ነው" አለች። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ውሉን በደረሰኙ ጀርባ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን ያስጻፉኝ ደግሞ አያ ካሴ ናቸው። ካሜራው ድምፁ ያልሻከረ፣ ልጓሙ የጠበቀ፣ "ዓይን ያለውን ሰው ዓይን እንዳለው አድርጎ የሚያሳይ" ስለመሆኑ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዋስ ናት ይላል። እማዬ አንብባ ፈረመች። አያ ካሴም ሦስቱ ቀን ሳያልቅ ወደ አገራቸው እንደማይመለሱ አስታውቀው ከኛ ጋር ቁስቋም ወጡ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እማዬን ግቢ ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር አስቀምጬ አርባ ፎቶ አነሳኋት። አርባውንም ጨፍናለች። "ተዘጋጂ" ማለቱን ተውኩና ወሬ እያወራኋት፣ ሳታስበው ለማንሳት ሞከርኩ፤ ካሜራው ከደረቴ ሲነሳ የዓይኗ ቆብ አብሮ ይወርዳል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከሳሎኑ መጋረጃ ጀርባ ተደብቄ ጠበቅኋት። ገባች፣ ነጠላዋን አነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደጨፈነችም "መላኩ፣ መጋረጃው ትናንት ነው የታጠበው" አለችኝ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ጊዜ በስህተት የራሴን ጫማ አነሳሁ፤ እውነቱን ለመናገር ካሜራው ሸጋ ካሜራ ነው፣ የጫማዬ ክር ሳይቀር ይቆጠራል።

እሑድ ማታ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ውሉ ዓይን ያሳያል ይላል፤ ካሜራው ዓይን አላሳየም። ነገ ሦስተኛው ቀን ነው። በደንቡ መሠረት ይመለስና ትልቁ ይለወጥልኛል። በሴኮንድ ያን ሁሉ የሚያነሳው ትልቁ። በዚህ ሐሳብ ውስጥ እናቴ ምን እንደምትሆን አላሰብኩም ብላችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ አስቤ ነበር። አሳንሼ አሰብኩት።

ሰኞ ለምሳ ስመጣ አያ ካሴ "እህስ፣ ዕቃው ደህና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ በጣም ያዘንኩ መስዬ፣ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። የጨፈነች እናቴ ጽዱ ሥር፣ የጨፈነች እናቴ በር ላይ፣ የጨፈነች እናቴ ከነመጋረጃው። ከዚያም ሳልጠየቅ ውሉን አወጣሁና አነበብኩላቸው፤ ዓይን የሚለው ቦታ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አያ ካሴ ፎቶዎቹን እንደገና ከመጀመሪያው አዩ።

"ደንብ አዘኔታ የለውም" አሉ በመጨረሻ። "ይመለሳል። ዋሷ ትጠራ።"

ዋሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አለች።

"ሐጂ ፊት ቀርቤ ደህና ነው ያልኩት ዕቃ ዓይን አያሳይም ልትሉ ነው?"

"ውሉ ነው ጥሩዬ" አሉ ወንድሟ፣ በእውነት ከብዷቸው።

እማዬ ወደኔ ዞረች። የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀምጣ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዱካውን ስባ ከአባቴ ፎቶ ሥር፣ ከራሷ ሚስማር ፊት ተቀመጠች።

"አንሳ" አለችኝ።

ካሜራውን አነሳሁ። ላልዋሻችሁ፤ ቀጥሎ ያልኩትን ሆን ብዬ ነው ያልኩት። ከሙሽርነቷ ጀምሮ የሚያስጨፍናትን ያንኑ ቃል፣ ጥርት አድርጌ፣ "ተዘጋጂ" አልኳት።

ቋ።

አያ ካሴ መጥተው በትከሻዬ ላይ ጎንበስ አሉ። ወደ ትንሿ ማሳያ ብዙ ጊዜ አዩ፣ በጣታቸውም ቆጠሩ።

"ዓይን ነው" አሉ። "ሁለት ነው። ሸጋ።"

አዎ፣ ዓይን ነበር። ስምንት ወር የፈለግሁት ዓይን እንዳለ መጣ፤ መጣና እኔኑ አየኝ። ስኳር የነካውን ጣት ከአምስቱ ለይቶ የሚያወጣው ዓይን፣ ትልቁን ካሜራ፣ መስታወቱን፣ የእሑድ ሐሳቤን፣ ከፍ ያደረግሁትን ድምፅ ሳይቀር አንድ በአንድ እያወጣ ያየኛል። እስከ ዛሬ ያን ፎቶ ሳየው አፍራለሁ፤ ካነሳኋቸው ሁሉ ደግሞ የምወደው እሱን ነው።

ፎቶው ታጥቦ በክፈፍ ሲመጣ አያ ካሴ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሰው ነበር፤ ሚስማሩ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ የጓዳውን ቁልፍ አውርጄ። አባቴ ከጎኗ እንደ ድሮው ፈገግ ብሎ ወደ ቀኙ ያያል። አሁን ግን የሚያየው ባዶ ግድግዳ አይደለም፤ በቁጣ ዓይኗን ያፈጠጠች ሚስቱን ነው። እማዬ ራቅ ብላ ቆማ ሁለቱን አየቻቸው። "ልክ እንዲህ ስቆጣ ነበር የሚስቀው" አለች። ከዚያ ቁልፉን የት እንዳደረስኩት ጠየቀችኝ።

ትልቁን ካሜራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገዛው። የሚስቱን ፎቶ ለማንሳት ጎረቤት ግቢ ድረስ መሄድ ግድ ሆኖበታል ይባላል። እኔን ደግሞ ሰዎች የካሜራ ሊቅ ነው ብለው ያማክሩኛል። ስለ ሜጋፒክሰል ሲጠይቁኝ እናትህ የት ነው የምትቀመጠው ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ይሄዳሉ። ሴት ልጅ ወልጄ አራት ዓመት ሆኗታል። አያቷ ዓይን እንዳላት አሳምራ ታውቃለች፤ ሳሎን ውስጥ ስኳር አትነካም፣ ጓዳ ይዛው ሄዳ ነው የምትበላው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፎቶው በተነሳ ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልቤ ሞልቶ ካሜራዬን ይዤ እማዬ ዘንድ ገባሁ። የተቆጣሽበት አለን፣ ደግሞ እየሳቅሽ አንድ ላንሳሽ አልኳት። ደስ ብሏት ተቀመጠች፣ ፀጉሯን ዳበሰች፣ ሳቀች፣ ጨፈነች። ደጋግሜ አነሳሁ፤ ደጋግማ ጨፈነች።

"ምነው እማዬ፣ ትናንት ችለሽው አልነበር?"

እሷም ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "ሦስቱ ቀን አለፈ እኮ" አለችኝ።